ምን ነክቷቸው ነው?

አንድ አባት እጃቸው መንቀጥቀጥ፣ እግራቸው መጎተት ሲጀምር ድሬዳዋም ይሁን ሐረር ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ምን ነክቷቸው ነው?» አንዱ ዓይን ይላል፣ ሌላው ጅኒ፣ ሦስተኛው ላብ ላይ ሳሉ የመታቸው ብርድ። ጎረቤት ደግሞ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። መልሶቹ አይዋጡልኝም፤ ጥያቄው ግን ጠያቂዎቹ ካሰቡት በላይ ልክ ነው። ባለፉት 40 ዓመታት ከፓርኪንሰን ሕመም ጋር ስማቸው ከተነሣ ነገሮች ብዙዎቹ ቃል በቃል የሚነኩ ናቸው፤ መዳፍ የነካ ዱቄት፣ ጀርባ ያረጠበ ፈሳሽ፣ በአፍንጫ የገባ ጢስ። ጥያቄውን እንዳለ እንያዘው፤ መልሱን ብቻ ከዓይንና ከጅኒ ወደ እጅ እናውርደው።

ከሁሉ በፊት ጊዜውን መረዳት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ጥርጣሬያችን ሁሉ ቦታውን ይስታል። ፓርኪንሰን በመሐል አንጎል ያሉ፣ ዶፓሚን የሚሠሩ ጥቁር ሕዋሳት ቀስ በቀስ የሚያልቁበት ሕመም ነው። ዶፓሚን ሲጎድል ሰውነት ይዘገያል፣ ይገተራል፣ ጭን ላይ ያረፈ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወገን ጀምሮ። እጅ መንቀጥቀጥ በጀመረበት ቀን ግን ከእነዚያ ሕዋሳት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አልቀዋል። ከዚያ በፊት ለዓመታት ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠራቸው ምልክቶች ይኖራሉ። አንዱ የማይለቅ የሆድ ድርቀት ነው። ሌላው በእንቅልፍ ልብ መደባደብ ነው፤ ሰውየው በሕልሙ ከጠላት ጋር ሲታገል አጠገቡ የተኛችው ሚስቱ ክርን ትቀምሳለች። ሦስተኛው ሽታ ማጣት ነው፤ ቡናው ተቆልቶ ምጣዱ ለማሽተት ሲዞር፣ ሁሉም ጢሱን በእጁ ወደ ፊቱ እየሳበ «እሰይ» ሲል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ያቃጥላቸዋል እንጂ ሽታው አይደርሳቸውም።

እንዲህ ከሆነ «ባለፈው ወር ምን በሉ? ከማን ጋር ተጣሉ?» የሚለው ምርመራ ትርፉ ድካም ነው። መጠየቅ ያለበት «ከ20 ዓመት በፊት በእጃቸው ምን ይሠሩ ነበር?» የሚለው ነው።

«ዘር ነው» የሚሉም አሉ፤ በከፊል እውነት አላቸው። በዚህ ላይ በጣም የምወደው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የአሜሪካ የመንትዮች ጥናት ነው። ወደ 20,000 የሚጠጉ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማች የነበሩ መንትያ ወንዶች ታዩ። አንድ ዓይነት መንትዮች ዘረመላቸው አንድ ስለሆነ፣ በሽታው በዋናነት ከዘር ቢመጣ ኖሮ አንዱ ሲታመም ሌላውም በብዛት መታመም ነበረበት። ሕመሙ ከ50 ዓመት በፊት በጀመራቸው ላይ በእርግጥ እንዲህ ታየ። ከ50 ዓመት በኋላ በጀመራቸው ላይ ግን አንድ ዓይነት መንትያ መሆን ከተራ መንትያነት የተለየ ነገር አላመጣም። ስለዚህ ወጣት ሲታመም ዘርን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በ65 ዓመታቸው ለታመሙ ሰው ግን የኖሩበትና የሠሩበት ነገር ይበልጥ ይናገራል።

አንድ ኬሚካል ከመላው አካል መርጦ እነዚያን ጥቁር ሕዋሳት ብቻ ሊገድል እንደሚችል የታወቀው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች በድብቅ የተሠራ ሰው ሠራሽ ሄሮይን ተወግተው በቀናት ውስጥ እንደ ሐውልት ደርቀው ቀሩ። የነርቭ ሐኪሙ ዊልያም ላንግስተንና ባልደረቦቹ ነገሩን ተከታትለው ዱቄቱ ውስጥ ኤምፒቲፒ የሚባል፣ በአሠራር ስሕተት የተፈጠረ ነገር አገኙ። ለበሽተኞቹ ሌቮዶፓ፣ ማለትም አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው የፓርኪንሰን መድኃኒት፣ ሲሰጣቸው ተንቀሳቀሱ። ኤምፒቲፒ አንጎል ውስጥ ገብቶ የሚለወጥበት መርዝ በቅርጹ ፓራኳት የሚባለውን የአረም ማጥፊያ ይመስላል። የሚገድለውም የሕዋሱን ምድጃ በማጥፋት ነው፤ ማይቶኮንድሪያ የተባለው ኃይል ማመንጫ የመጀመሪያ በሩ ላይ ይዘጋል። ሮቴኖን የሚባለው ነፍሳት ገዳይም የሚዘጋው ያንኑ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አትላንታ ውስጥ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ለሳምንታት በትንሽ በትንሹ ሮቴኖን የተሰጣቸው አይጦች እነዚያን ሕዋሳት አጥተው መገተርና መዘግየት ጀመሩ።

ሮቴኖን ስሙ የባዕድ ቢሆንም ለእኛ እንግዳ አይደለም። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ ፍሬው ውስጥ ካሉት መርዞች አንዱ ሮቴኖን ነው። ብርብራ የነካ ሁሉ ይታመማል እያልኩ አይደለም። ነገር ግን «ከዛፍ የተገኘ ነው፣ ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» የሚለውን ወሬ በዚህ አንድ ፍሬ ማስቆም ይቻላል። ብርብራ ወቅጦ ለተባይ የሚረጭ ገበሬ ከሱቅ ገዝቶ ለሚረጨው የሚወስደውን ጥንቃቄ ሁሉ መውሰድ አለበት።

አሁን ቁጥር እናምጣ፤ ቁጥር ያልያዘ ሥጋት ወይ ያጋንናል ወይ ያስንቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት በአዮዋና በሰሜን ካሮላይና ፀረ-ተባይ ይረጩ የነበሩ ገበሬዎችንና ሚስቶቻቸውን አነጻጽሮ ፓራኳት ወይም ሮቴኖን የተጠቀሙት ላይ ፓርኪንሰን 2.5 እጥፍ ያህል በዝቶ አገኘ። 2.5 እጥፍ ሲባል ያስደነግጣል። ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ 100 ሰዎች 1 ያህሉ የሚታመም ከሆነ፣ 2.5 እጥፍ ማለት ከ100 ረጪዎች 2 ወይም 3 ማለት ነው፤ 97ቱ አይታመሙም። «አጎቴ 30 ዓመት ረጨ፣ ምንም አልሆነም» የሚለው ክርክር ዋጋ የሌለው ለዚህ ነው። አጎትየው ከ97ቱ አንዱ ናቸው። በሌላ በኩል በሺህ የሚቆጠር ሰው በሚረጭበት ወረዳ ከ100 አንድ ወይም ሁለት መጨመር ቀላል ነገር አይደለም።

በአገራችን እነፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ሄደው ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ጥናት ከ100,000 ሰው 7 የፓርኪንሰን በሽተኛ ነው ያገኘው። ትንሽ ነው። ያኔ የገጠሩ ሕዝብ አብዛኛው ወጣት ነበር፤ ሕመሙ ደግሞ የሽምግልና ነው። ያኔ 25 ዓመታቸው የነበሩት አሁን 60 አልፈዋል፤ በመካከል ባሉት ዓመታት ደግሞ የኬሚካል መርጫ ታንክ በየጓዳው ገብቷል።

ከድሬዳዋ ደንገጎን ወጥቶ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ሐረር የሚገባ ሰው የሚያየው ማሳ ጫት፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጎመን ነው። ሁሉም የሚረጭ ነው። ገበሬው የሚረጨውን «መድኃኒት» ነው የሚለው፤ ስሙ ራሱ ጥንቃቄ ያላላል፤ መድኃኒት ማን ይፈራል? የፓራኳት ነገር እዚህ ላይ ያበሳጫል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ከገበያው አስወጣው፤ እንግሊዝ ውስጥ ያለው ፋብሪካ ግን ለእኛ ዓይነቱ አገር መላኩን ቀጥሎ ነበር። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በፀረ-ተባይ ምክንያት የሚመጣ ፓርኪንሰንን የገበሬዎች የሥራ ሕመም ብላ በሕግ ተቀብላለች።

ከዚያው የአዮዋና የሰሜን ካሮላይና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ውጤት አለ፤ ለእኛ የሚጠቅመው ይበልጥ እሱ ይመስለኛል። ረጪዎቹ ጓንት ያደርጉ እንደነበር ተጠየቁ። ጓንት በማያዘወትሩት ላይ ፓራኳትና ፓርኪንሰን አብረው ታዩ። ጓንት በሚያዘወትሩት ላይ ግንኙነቱ ጠፋ። ያው ኬሚካል፣ ያው ማሳ፣ ልዩነቱ ጓንት ነው። ብዙ ሰው ሥጋቱ በአፍንጫ ስለሚመስለው ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ እጁን ባዶ ያደርጋል። ለሚረጭ ሰው ግን ዋናው በር ቆዳ ነው፤ ከቆዳም እጅ። ለሕክምና የሚሆነው ስስ ማስክ ደግሞ ጠብታ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ የኬሚካል ትነት አይዝም፤ ለትነት የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልጋል።

ጓንቱም ቢሆን የትኛውም ጓንት አይደለም። የጨርቅና የቆዳ ጓንት ከባዶ እጅ ይብሳል፤ ፈሳሹን መጥጦ ቀኑን ሙሉ መዳፍ ላይ ያቆየዋል። የሚያስፈልገው ናይትሪል የሚባለው ወፍራም የጎማ ጓንት ነው። ከማውለቅ በፊት ጓንቱ እንደተደረገ ከውጭ በሳሙና ይታጠባል፤ አለዚያ ሲወልቅ ሌላኛው እጅ የቆሸሸውን ጎን ይይዛል። የእጅጌ ነገርም አለ። ድንችና ሽንኩርት ላይ እጅ ወደ ታች ስለሚሆን የሸሚዙ እጅጌ ከጓንቱ ውጭ ይውላል። ከቁመት በላይ ያደገ ጫት ላይ ግን እጅ ወደ ላይ ነው፤ ፈሳሹ በክንድ ወደ ብብት እንዳይወርድ እጅጌው ጓንት ውስጥ ይገባል፣ የጓንቱም አፍ ወደ ውጭ ይታጠፋል። ሱሪ ሁልጊዜ ከቦት ጫማ ውጭ ነው፤ ውስጥ ከገባ ጫማው እንደ ቧንቧ ይሰበስበዋል።

ትልቁ ጥፋት የሚሠራው በመርጨት ጊዜ ሳይሆን በመበጥበጥ ጊዜ ነው፤ ያኔ በእጅ የሚያዘው ያልቀጠነው ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። መለያው ለአንድ ሄክታር 2.5 ኪሎ ዱቄት ቢል፣ ማሳው ደግሞ የሄክታር አንድ ስምንተኛ ቢሆን፣ የሚያስፈልገው 310 ግራም ገደማ ነው። ያ ማሳ በ4 ታንክ ውሃ የሚያልቅ ከሆነ ለአንድ ታንክ 78 ግራም ማለት ነው። ማሳው ስንት ታንክ እንደሚፈጅ ለማወቅ አስቀድሞ ንጹሕ ውሃ ብቻ ረጭቶ መቁጠር ነው። በተግባር የሚሆነው ግን «ሁለት ክዳን ጨምር፣ ተባዩ ለምዶታል» ነው። ከዚያ በእንጨት ፋንታ በክንድ መበጥበጥ ይመጣል። ሁለት ሦስቱን በአንድ ታንክ መቀላቀልም ተለምዷል፤ ይህ በተለይ ያሳስበኛል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከቤታቸው በ500 ሜትር ርቀት ውስጥ ፓራኳትና ማኔብ የሚባል የሻጋታ መድኃኒት ሁለቱም በተረጩባቸው ሰዎች ላይ የፓርኪንሰን ዕድል በ75 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ እነዚያ ሰዎች ረጪዎች ሳይሆኑ ጎረቤቶች ናቸው።

ኖዝል፣ ማለትም ፈሳሹ የሚወጣበት የመርጫው ጫፍ፣ ሲደፈን በአፍ መንፋት ሌላው ልማድ ነው። ኪስ ውስጥ አንድ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቢያዝ ነገሩ ያልቃል። ሙቀትም አለ፤ ላብ ያራሰው፣ ሙቀት የከፈተው ቆዳ ኬሚካል ይበልጥ ያስገባል። ድሬዳዋ ዙሪያ ባለው ቆላ እኩለ ቀን ላይ ፕላስቲክ ልብስ ልበሱ ማለት ቀልድ ስለሆነ የሚያዋጣው ሰዓቱን መቀየር ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ 3 ሰዓት ሳይሞላ መጨረስ። የተረጨበት ልብስ ለብቻው፣ በሌላ ሳፋ ይታጠባል። ስንቱ ቤት ከሕፃኑ ልብስ ጋር እንደሚዘፈዘፍ ማሰብ ነው፤ የምታጥበው ደግሞ አንድም ቀን ታንክ ያልተሸከመች ሰው ናት። ባዶው ጀሪካን ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው ታንክ ውስጥ ገብቶ ከተረጨ በኋላ ይበሳል። ያልተበሳ ጀሪካን ወተት መያዣ ይሆናል፤ ሁልጊዜ።

በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ኬሚካል አትግዙ። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ መሸጥ አይፈቀድም፤ መለያ የሌለው ሃይላንድ ደግሞ መመዝገቡን ቀርቶ ምን እንደሆነም አይናገርም። መለያ ያለው ከሆነ ከታች ያለውን ቀለም እዩ፤ ቀይ ከሁሉም የከፋ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ አረንጓዴ ነው። ቀለሙ የሚናገረው ግን ዛሬ ስለሚገድለው ነው እንጂ ከ20 ዓመት በኋላ ስለሚሆነው አይደለም። ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ማንኮዜብ ነው፤ ለድንችና ለቲማቲም ዋግ የሚረጨው ቢጫማ ዱቄት። ቶሎ አይገድልም። ከማኔብ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ሲሆን ሁለቱም ማንጋኒዝ የሚባለውን ብረት ይይዛሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃዱን ላለማደስ ወስኗል።

ማንጋኒዝ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1837 ጆን ኩፐር የተባለ ሐኪም ግላስጎው ውስጥ የማንጋኒዝ ድንጋይ የሚፈጩ ሠራተኞች እግራቸው ሲከዳቸው፣ ድምፃቸው ሲያንስ፣ ፊታቸው እንደ ጭምብል ሲሆን አይቶ ጻፈ። በእኛ አገር ማንጋኒዝ በሁለት ነገር ቤት ይገባል። አንዱ የባትሪ ድንጋይ ነው። መሐሉ ያለው ጥቁር ዱቄት አብዛኛው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው። ያለቀ ባትሪ ሰብሮ፣ ዱቄቱን ወቅጦ ጥቁር ሰሌዳ መቀባት ብዙ ትምህርት ቤት የተለመደ ሥራ ነበር፤ የሚወቅጡት ደግሞ ተማሪዎች። አንድ ቀን ሰሌዳ የቀባ ልጅ ይታመማል ማለት አይደለም። ግን አሁንም የሚደረግበት ቦታ ካለ በደረቁ አይወቀጥ፤ ይልቁንም ከነጭራሹ ይቅርና የሰሌዳ ቀለም ይገዛ።

ሁለተኛው ብየዳ ነው። የተለመደው የብረት ኤሌክትሮድ ማንጋኒዝ አለው፤ ሲቀልጥ ከጢሱ ጋር ይወጣል። ድሬዳዋ ከምድር ባቡር ዘመን ጀምራ የብረት ሠራተኛ ከተማ ናት፤ ዛሬም በርና መስኮት፣ የባጃጅ አካል፣ የውሃ ታንከር መቆሚያ የሚበየደው መንገድ ዳር ነው። መንገድ ዳር መሆኑ ደግ ነው፣ አየር አለ። አደጋው ባዶ ታንከር ውስጥ ገብቶ መበየድ፣ ወይም ፀሐይን ሽሽት በሦስት በኩል በቆርቆሮ የተዘጋ ቤት ውስጥ መሥራት ነው። ጥቁሩ መነጽር ዓይን ያድናል እንጂ ሳንባን አይመለከትም። ጢሱ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ ሥራው ላይ የሚያጎነብስ በያጅ ፊቱ የጢሱ መንገድ ላይ ነው፤ ሥራውን ወደ ጎን አድርጎ መቀመጥና ከጎን አንድ ተራ ቬንቲሌተር ማድረግ ብዙውን ያስወግዳል።

ማንጋኒዝ የሚያመጣው ሕመም ፓርኪንሰንን ይመስላል እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። ያረፈ እጅ ብዙም አይንቀጠቀጥም፤ ሰውየው በጣቱ ጫፍ እንደ አውራ ዶሮ ይራመዳል፣ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ሌቮዶፓም ብዙ አይረዳውም። ስለዚህ በያጅ የነበረ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ሥራውን መናገር ሕክምናውን ይለውጣል።

እዚህ ጋ ሐረርን የሚመለከት አንድ ወሬ ልቁረጥ። በምሥራቅ አውሮፓ ከካቲኖን ዘመዶች አንዱን ቤት ውስጥ ሠርተው በደም ሥር የሚወጉ ሰዎች ፓርኪንሰን የሚመስል ሕመም ይዟቸዋል። ካቲኖን የጫት ንጥረ ነገር ስለሆነ «ጫት ፓርኪንሰን ያመጣል» የሚል ወሬ ከዚህ ሊነሣ ይችላል። ጥፋተኛው ግን ሲሠሩት የሚጨምሩት ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ነው፤ በውስጡ ያለው ማንጋኒዝ። የጫት ጉዳይ ሌላ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ያለው ቅሪት። የአገራችን ተመራማሪዎች ጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት አግኝተዋል። ዲዲቲ ከፓርኪንሰን ጋር ያለው ግንኙነት እንደ ፓራኳት የጠነከረ አይደለም፤ ግን በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጥ ነገር በየበርጫው መጨመሩ አይመከርም። ማጠብ አቧራውንና ላዩን ያለውን ያነሣል፤ ዲዲቲ በውሃ ስለማይሟሟ ሙሉ በሙሉ አይሄድም። «ጫት ከታጠበ ይበላሻል» ለሚል ሰው መልሴ፣ ከገበያ የመጣውን ቲማቲም ሳታጥብ ትበላለህ ወይ የሚል ነው።

ጋራዥና ላውንደሪ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ትራይክሎሮኢትሊን። ቅባት የሚያጥብ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ነው። ካምፕ ለዡን በሚባል የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ሰፈር ውሃው በዚህና በመሰል ነገር ለዓመታት ተበክሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት እዚያ ያገለገሉት ላይ ፓርኪንሰን ንጹሕ ውሃ ካለው ሰፈር በ70 በመቶ በዝቶ ተገኘ። የቅባት ማጽጃ ቆርቆሮ ላይ «ትራይክሎሮ» ወይም «ፐርክሎሮ» ብሎ የሚጀምር ስም ካለ በባዶ እጅ አይነካም፣ በተዘጋ ቤት አይከፈትም። ቤንዚን ከዚህ የተለየ ነው፤ እጅን በቤንዚን መታጠብ ግን በሌላ ምክንያት፣ ለደም ሲባል፣ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ግሪስን የምግብ ዘይት ያላቅቀዋል፤ ከዚያ ሳሙና።

የሲሚንቶ አቧራስ? የድሬዳዋ ሰው ይህን መጠየቁ አይቀርም። እሱ የሳንባ ጠላት ነው፤ ከፓርኪንሰን ጋር የሚያገናኘው ጠንካራ ማስረጃ የለም። ደጋግሞ ጭንቅላት መመታት ግን ዕድሉን ከፍ ያደርጋል፤ ሞተር ያለ ሄልሜት የሚነዳ ወጣት ይህን ይያዝ። ቤት የሚረጨው የወባ መድኃኒትም ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከሌላ አህጉር የመጣችው የከተማ ወባ ትንኝ ድሬዳዋን እንዴት እንዳመሰቻት ለሚያስታውስ ሰው ምርጫው ከባድ አይሆንም፤ ወባ ዛሬ ትገድላለች። ርጩን አትከልክሉ፤ ዕቃውን አውጡ፣ ምግብ ሸፍኑ፣ ከተረጨ በኋላ ወለሉን ጓንት አድርጋችሁ ጥረጉ።

ደስ የሚለው ዜና ከቡና ነው። ሃዋይ ውስጥ ከ8,000 በላይ ጃፓን-አሜሪካውያን ወንዶች ለ30 ዓመት ያህል ተከታትለው፣ ቡና በማይጠጡት ላይ ፓርኪንሰን ብዙ ከሚጠጡት 5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ሐረር ይህን ሰምታ ብትኮራ አይፈረድባትም። ሆኖም ከታመሙ በኋላ ካፌይን ሲሰጥ የእጅና የእግርን እንቅስቃሴ አላሻሻለም፤ ስለዚህ ለታመሙ አባት ጀበና መደራረብ ሕክምና አይደለም። ሆጃም ቢሆን ከሚፈላበት የቡና ቅጠልና ገለፈት የሚመጣ ካፌይን ቢኖረውም ሃዋይ የተጠናው እሱ አይደለም። ሲጋራ አጫሾችም ላይ ሕመሙ አንሶ ይታያል፤ የኒኮቲን ፕላስተር ተሞክሮ ግን ሕመሙን አላዘገየም፣ ሲጋራው ደግሞ በልብና በሳንባ በኩል ቀድሞ ይገድላል።

ሐኪም ዘንድ ሲኬድ ሁለት ነገር ይያዝ። አንደኛው የሚወሰደው መድኃኒት ሁሉ፣ ከነማሸጊያው በፌስታል። ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራሚድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ ለማዞር የሚሰጠው ሲናሪዚን ዶፓሚንን እየዘጉ ፓርኪንሰን የሚመስል ነገር ያመጣሉ። ከሁሉም መንስኤ የሚመለሰው ይህ ነው፤ መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይለቃል። በራስ ፈቃድ ግን አይቆምም፤ በተለይ የአእምሮው።

ሁለተኛው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ምን እንደሠሩ፣ ምን እንደረጩ ወይም እንደበየዱ፣ በዓመት ስንት ቀን፣ ጓንት ይኑር አይኑር፣ ውሃ ከየት ይጠጡ እንደነበር፣ ሽታ የጠፋባቸው መቼ እንደሆነ። ስሙን ካላስታወሱት የዱቄቱን ቀለምና የሰብሉን ዓይነት ይጻፉ። ወረቀቱ የአንድን ሰው ሕመም መንስኤ አይፈርድም፤ ሐኪሙን ግን ወደ ትክክለኛው ጥያቄ ያመጣዋል።

ታንኩ ምናልባት አሁንም ጓዳ ውስጥ ተሰቅሎ ይሆናል፤ የሚቀጥለው ተሸካሚ ልጃቸው ነው። ጀርባው ላይ ከማዋሉ በፊት ንጹሕ ውሃ ሞልቶ፣ በፓምፑ ወጥሮ፣ መልቀቂያውን ሳይነካ ደረቅ ካርቶን ላይ 10 ደቂቃ ያስቀምጠው። ካርቶኑ ከሥሩ ከረጠበ ታንኩ ተሰንጥቋል፣ አይጠገንም። ከጎን ከሆነ ቱቦው የሚገባበት የጎማ ቀለበት ነው፤ ሱቅ ይገኛል። ካርቶኑ ደርቆ ታንኩን ጎንበስ ሲያደርገው ከላይ ከፈሰሰ ክዳኑ ነው፤ የአባቱን ጀርባ ሲያረጥብ የኖረውም እሱ ሊሆን ይችላል።